አንደኛ የወጣውም ልጅ ወድቋል
ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራንና መምህራን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራትና ክቡራን ርዕሳነ መምህራን፣ ክቡራትና ክቡራን መምህራን፦

ሰኔ ገብቷል። በየግቢያችሁ ድንኳን ሊተከል፣ ሚኒ ሚዲያው “አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት” እያለ ድምፅ ማጉያውን ሊፈትሽ፣ ለሽልማት የተገዛው መዝገበ ቃላትና ደርዘን ደብተር በስጦታ ወረቀት ሊጠቀለል ነው። በወላጆች ቀን ርዕሰ መምህሩ የዓመቱን ሪፖርት ያነባሉ። ይህን ያህል ተማሪ ተምሮ ይህን ያህሉ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውሯል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ቀለም ተቀብቷል፤ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድናችን ዋንጫ አምጥቷል፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ችግኝ ተክሏል። ከዚያ ከየክፍሉ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ስማቸው እየተጠራ መድረክ ይወጣሉ፤ እናቶች እልልታውን ያቀልጡታል። በዓሉን እወደዋለሁ። ቀድመው ደርሰው የፊት ወንበር ከሚይዙት ወላጆች አንዱ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ሪፖርቱ ነው።

ጥር 2015 ላይ ትምህርት ሚኒስቴር የ2014ን የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገልጽ አገሩ ሁሉ አንድ ቁጥር ይዞ ወደ ቤቱ ገባ፦ 3.3 በመቶ። ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኝ ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ቁጥር ብዙ ተባለ፤ አልደግመውም። በዚያው መግለጫ ውስጥ ቶሎ የታለፈ ሌላ ቁጥር ነበረ። ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

እነዚህ 1,161 ትምህርት ቤቶች እንደ ማንኛውም ትምህርት ቤት ካርድ ሰጥተዋል፣ ደረጃ አውጥተዋል። በእያንዳንዳቸው ከ12ኛ ክፍል አንደኛ የወጣ ልጅ ነበረ። ምናልባት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አንደኝነቱን ያልለቀቀ፣ ሰርተፍኬቱ በመስታወት ገብቶ ከአያቱ ፎቶ አጠገብ የተሰቀለለት ልጅ ነው። ያም ልጅ ወድቋል። ከክፍል ሲፎርፍ የከረመው ቢወድቅ እሱም ያውቀዋል፣ እኛም እናውቀዋለን፤ ማንም አይደነግጥም። የአንደኛው መውደቅ ግን የሚነግረን ስለ ልጁ ሳይሆን በየዓመቱ ሰኔ ላይ ስናስታቅፈው ስለኖርነው ካርድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ውጤቱ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ወደ ላይ መሄዱ ደስ ይላል። ቢሆንም በ2017 ከተፈተኑት 585,882 ልጆች ያለፉት 48,929 ናቸው፤ ከ12 ልጅ አንዱ ማለት ነው። አንድም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ደግሞ በ2015ም በ2016ም ከ1,300 በላይ ነበሩ።

ምክንያቱን ሁላችንም እንደ ዳዊት እንደግመዋለን። መጽሐፍ በጊዜው አልደረሰም። ልጆቹ እንደየክልሉ ከተለያየ ክፍል ጀምሮ አጥርተው በማይሰሙት እንግሊዝኛ ይማራሉ። ላቦራቶሪው ተቆልፏል። በጦርነትና በግጭት የከረሙ አካባቢዎች ልጆች የትምህርት ቤት ደወል ሳይጠግቡ ለፈተና ተቀምጠዋል። የመምህሩ ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ አስቤዛ አይደርስም። ከእነዚህ አንዱንም ብቻችሁን አትፈቱትም፤ ስለዚህ በእነሱ አልጠይቃችሁም። የምጠይቃችሁ በእጃችሁ ስላለው፣ በጀትም የውጭ ብድርም ስለማይፈልገው ስለ ማርክ ነው።

በትምህርት ቤታችሁ ተማሪ ከክፍል ወደ ክፍል የሚዛወረው አማካይ ውጤቱ 50 ሲደርስ ነው። የአገር አቀፉም ፈተና ማለፊያ 50 በመቶ ነው። በሰኔው ሪፖርት አብዛኛው ልጅ ይህን መስመር ይሻገራል፤ በአገር አቀፉ ፈተና ከመቶ ሦስቱ፣ አምስቱ፣ ስምንቱ። መስመሩም ያው ነው፣ ልጆቹም ያው ናቸው። ልዩነት መኖሩ ብቻውን ነውር አይደለም። እናንተ የምትፈትኑት ትናንት ያስተማራችሁትን ምዕራፍ ነው፤ አገር አቀፉ የዓመታትን ትምህርት በአንድ ሳምንት ይጠይቃል። 75 የነበረ ልጅ 60 ቢያመጣ ይገባኛል። 88 የነበረ ልጅ 30 ሲያመጣ ግን አይገባኝም። ጥያቄዎቹ ምርጫ መሆናቸውንም አትርሱ፤ ከአራት አማራጭ አንዱን ሳያነብ የሚያጠቁር ሰው 25 አካባቢ ያገኛል። ከ88ቱ ውስጥ የልጁ ዕውቀት ስንቱ ነበረ?

እንዴት እዚህ እንደደረስን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከመቶው ነጥብ የማጠቃለያ ፈተናው ድርሻ ከፊሉ ነው፤ ቀሪው በተከታታይ ምዘና ይሞላል፦ ቴስት፣ አሳይመንት፣ የቡድን ሥራ፣ የደብተር ማርክ፣ ተሳትፎ። ልጅ በአንድ ቀን ፈተና ብቻ እንዳይፈረድበት የመጣ መልካም ሐሳብ ነበር። በተግባር ግን አሳይመንቱን አንዱ ይሠራዋል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፉበታል። ደብተሩን ማታ ከጓደኛው የገለበጠ ጠዋት አምስት ከአምስት ያገኛል። የጎደለው ደግሞ ሰኔ ላይ ይለመናል። በመምህራን ማረፊያ በር ላይ የሚኮለኮሉትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ፦ “ቲቸር፣ ሁለት ብቻ ጨምሩልኝ፤ ቀይ እንዳይገባብኝ!” ልጆቹ ቀዩን የሚፈሩት ወደው አይደለም። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ካርድ ስትቀበል ዓይኗ የሚፈልገው ቀይ ቀለም ነው።

እናም ትጨምራላችሁ። አንዳንዶቻችሁ በርኅራኄ ነው። ልጁ ጠዋት ሊስትሮ ሠርቶ ከሰዓት የሚማር ነው፤ ልጅቷ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አብልታ ነው የምትመጣው። ሁለት ነጥብ ማንን ይጎዳል? ይህን ርኅራኄ አላቃልለውም፤ እንዲህ ያለ መምህር ባይኖር ከትምህርት ቤት የሚቀረው ልጅ ብዙ ነበር። አንዳንዶቻችሁ ታክቷችሁ ነው። ስልሳ ሰባ ተማሪ የታጨቀበትን ክፍል ወረቀት አርሞ፣ የጣሉትን እያንዳንዱን ልጅ ለምን ጣልክ እየተባሉ ከመጠየቅ ማሳለፍ ይቀላል። ከበላይ የሚመጣው ጥያቄ ስንት ልጅ ደገመ የሚል እንጂ ልጁ ምን ያውቃል የሚል አይደለም። በግል ትምህርት ቤት ደግሞ ከፋይ ወላጅ አለ፤ ማርክ ሲያንስበት ልጁን ይዞ አጥር ተሻግሮ ይሄዳል። ለዚህ ተጠያቂዎቹ ወላጆች ነን። 87 ላመጣ ልጅ ለምን 90 አልሆነም ብለን ቢሯችሁ ድረስ እንመጣለን፤ ምን ተማረ ብለን ግን አንመጣም።

ወደ ሁለቱ ነጥብ ልመለስ። የሚጎዱት ልጁን ነው፤ የሚወስዱበትም ጊዜውን ነው። አንዲት ልጅ በ9ኛ ክፍል ሒሳብ 38 አምጥታ ካርዷም 38 ቢል ቤት ውስጥ ቁጣ ይኖራል፣ በአንዳንዱ ቤት ዱላም አይጠፋም፤ ይህን አልክድም። ግን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሦስት ክረምት አለ። የሰፈር ልጅ ያስጠናታል፣ ቤተሰብም ከሥራ ትንሽ ያሳርፋታል፣ እሷም የጎደላትን ታውቃለች። ካርዱ ግን በ38 ፈንታ 61 ስላለ ሦስቱም ክረምት እንዲሁ አለፈ። እውነቱን መጀመሪያ የነገራት ሰው ሳይሆን የአገር አቀፉን ውጤት ያየችበት የስልክ ስክሪን ነው፤ ያኔ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ወጥታለች።

በእኛ ጊዜ “ሰኔ ሠላሳ እንገናኝ!” የሚባል ዛቻ ነበረ። ዓመቱን ሙሉ የተቀያየሙ ልጆች ካርዳቸውን ተቀብለው ከግቢ እንደወጡ ይቧቀሱ ነበር። ኃይለኛ መምህርም በዚያ ቀን በኋላ በር ይወጣል እየተባለ ይወራ ነበር፤ አይቼ ግን አላውቅም። ዛሬ አብዛኛው ልጅ አልፏል ስለሚባል ሰኔ ሠላሳ ሰላም ነው። ጠቡ ውጤት ወደሚለቀቅበት ቀን ተዛውሯል፤ ያኔ ደግሞ ልጁ የሚጣላው ከራሱ ጋር ነው። ባለው ማስረጃ ሁሉ ጎበዝ ነበራ! ካርዱ ይመሰክራል፣ ሰርተፍኬቱ ይመሰክራል፣ ሰፈሩ ይመሰክራል። ስለዚህ የሚቀረው ዕድሉን መርገም ነው።

ግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍሉ አገር አቀፍ ፈተና የእንግሊዝኛ ወረቀት አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ሁሉ ተሰርዞ ነበር። በ2015 መጀመሪያ ላይ ደግሞ አገሪቱ የራሷን ፈተና ማመን እንድትችል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ከቤታቸው አውጥታ ዩኒቨርሲቲ ማሳደር ጀመረች። አውቶቡስ፣ ፖሊስ፣ ፈታኝ፣ ቀለብ፤ ይህ ሁሉ ለጥቂት ቀን ፈተና። ዓመቱን ሙሉ የምትሞሉትን ካርድ ግን የሚጠብቀው ፖሊስ የለም። ጠባቂው እስክሪብቶውን የያዘው መምህርና ማኅተሙን የሚመታው ርዕሰ መምህር ብቻ ናቸው። ይህን ደብዳቤ ለሚኒስትሩ ሳልጽፍ ለእናንተ የጻፍሁት ለዚህ ነው።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። በየቢሯችሁ ሁለት ወረቀት አለ፤ አንዱ የአምናዎቹ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሮስተር፣ ሌላው የእነዚያው ልጆች የአገር አቀፍ ፈተና ውጤት። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በወላጆች ቀን ሪፖርት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ አምና በእኛ ካርድ የ12ኛ ክፍል አማካይ ውጤት ይህ ነበር፣ በአገር አቀፉ ይህን ሆነ። የማንም ልጅ ስም አያስፈልግም። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር በዚያ ድንኳን ሥር የተቀመጥነው ወላጆች በእጃችን ያለውን ካርድ እንዴት እንደምናነብ ይነግረናል። ለእናንተም በሚቀጥለው ዓመት ማርክ ስትሞሉ አጠገባችሁ ይቀመጣል።

በመስከረም የተመዘገቡት ስንት እንደነበሩ፣ ሰኔ ላይ የተፈተኑት ስንት እንደሆኑም አብራችሁ ንገሩን። አንድ 9ኛ ክፍል በ64 ልጅ ጀምሮ በ51 ቢጨርስ፣ ሪፖርቱ ሃምሳ አንዱን ብቻ ቆጥሮ ይህን ያህል በመቶ አሳልፈናል ይላል። አሥራ ሦስቱስ? አንዷ ተድራለች፤ አንዱ ከአጎቱ ጋር ቀን ሥራ ገብቷል፤ ሌላዋ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት ወረፋ ላይ ናት። ስማቸው ከሮስተሩ ላይ በአንድ መስመር ተሰርዟል። ምክንያቱን አውቆ የሚናገር ትምህርት ቤት ቢያንስ የቀበሌውን ሰው ጠርቶ መጠየቅ ይችላል፤ የድንኳኑ ስብሰባ ደግሞ ለዚህ ከሁሉ የተመቸ ነው፤ ሁላችንም እዚያው አለን።

ሽልማቱ ይቀጥል። ግን ከመዝገበ ቃላቱ አንዱን በመጀመሪያው መንፈቅ 41 አምጥታ በሁለተኛው 58 ለደረሰችው ልጅ አስቀሩላት፤ 58ቱ እውነተኛ ከሆነ ከዚያ መድረክ ላይ ከሷ የበለጠ የሠራ ብዙ አይገኝም።

ትምህርት ቤታችን ይዋረዳል የምትሉ ትኖራላችሁ። ወሬው ግን ውጤቱ ከተለቀቀ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ነው፤ ሻይ ቤቱም ፀጉር ቤቱም ያውቀዋል። ያልተወራው በእናንተው መድረክ ላይ ብቻ ነው። ግምገማ የምትፈሩ ካላችሁ ፍርሃታችሁ መሠረት አለው፤ ስለዚህ የወረዳና የክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ትክክለኛውን ቁጥር ቆሞ ያነበበውን ርዕሰ መምህር በዚያ ቁጥር አትቅጡት። ከቀጣችሁት ከርሞ ማንም አያነብላችሁም።

ሮስተሩ ገና አልተዘጋም፤ ሁለት ነጥብ የሚለምኑት ልጆች በሩ ላይ ናቸው። ከእነሱ መካከል የእኔም ልጅ ልትኖር ትችላለች። ፊዚክስ 43 ካመጣች እባካችሁ 43 ብላችሁ ጻፉልኝ፤ በቀይ። የምሸሸግበት 51 አልፈልግም። ካርዱን ልቀበል ስመጣ አልቆጣችሁም፣ እሷንም አልመታትም። የጎደላት የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ብቻ በጀርባው ጻፉልኝ፤ ክረምቱ ሁለት ወር አለው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አባት
አዲስ አበባ፣ ሰኔ