አፏን የዘጋችው እናት



ባለፈው ሰሞን እዚሁ መቀሌ ዓዲ ሐቂ የሚኖሩ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አደይ» እያለ የሚጠራቸው ጎረቤቴ ቡና ጠሩኝ። ስደርስ ቤተሰቡ በሙሉ ሳሎን ባለው የመስተዋት የዓሣ ገንዳ ዙሪያ ቆሟል። የልጅ ልጃቸው ከሚያሳድጋቸው የቆሮሶ ዓሦች አንዷ ምግብ ካቆመች ሳምንት ሆኗታል። ከአገጯ ሥርም አብጣለች። «በሽታው ወደ ሌሎቹ ሳይዛመት አውጥተን እንጣላት» የሚል ምክር ተይዟል።

ጠጋ ብዬ ብመለከት ዓሣይቱ ምንም ሕመም የለባትም። ልጆቿን ታቅፋለች፤ የታቀፈችውም በአፏ ነው!

ቆሮሶ በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች የሚገኝ፣ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀው ከተከዜ ግድብ ሐይቅም የሚጠመድ ዓሣ ነው። ለመራባት ሲደርስ ወንዱ ከውኃው ሥር ጎድጎድ ያለ ጎጆ ይቆፍራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፤ የወንዱ ዘር እንደ ደረሰውም ለቅማ በአፏ ትይዘዋለች። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ድረስ፣ እንደ ውኃው ሙቀት፣ 2 ሳምንት ያህል አትለቃቸውም። በዚህ ጊዜ እህል አትቀምስም ማለት ይቻላል። ከለቀቀቻቸው በኋላም እንኳ አደጋ ሲመጣ ለጥቂት ቀናት ተመልሰው አፏ ውስጥ ይሸሸጋሉ።

እንግዲህ በቤታችሁ ቆሮሶ የምታሳድጉ ከሆነ፣ አፏን የዘጋች ዓሣ ስታዩ አትደናገጡ፤ በእጃችሁም አትንኳት። ከተረበሸች እንቁላሉን ትተፋዋለች ወይም ትውጠዋለች። ከእርሷ ይልቅ ወንዱንና ሌሎቹን ወደ ሌላ ዕቃ ብታዛውሩ ይሻላል።

መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቆሮሶ በደንብ የሚራባው ደግሞ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ውኃ ነው፤ ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ መራባቱ ይቆማል። ስለዚህ የውኃ ማሞቂያ ያስፈልጋል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት በተከፈተ ባልዲ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይቆይ አይጨመር። ውኃው በየሳምንቱ ሩብ ያህሉ ይለወጥ እንጂ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትድፉት። መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋው መሣሪያም ስለሚቆም፣ ከገንዳው በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ለጊዜው ይረዳል። ጫጩቶቹ ሲወጡ የደቀቀ የዓሣ መኖ፣ ከታጣም ጥቂት የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ይበተንላቸው። የተረፈው ውኃውን ስለሚያበላሸው በቶሎ ይነሣ።

ይህ ሸክም ታዲያ በሁሉም ዘንድ የእናት ብቻ አይደለም። በኢንዶኔዥያ ባንጋይ ደሴቶች ዙሪያ የሚኖር አንድ ትንሽ የባሕር ዓሣ አለ፤ በእርሱ ዘንድ እንቁላሉን በአፉ የሚይዘው አባትየው ነው። እንቁላሉን፣ ቀጥሎም ጫጩቶቹን ይዞ ወደ አንድ ወር ገደማ ይጾማል። ለጌጥ ተብሎ ብዙ ስለተጠመደ ዝርያው አደጋ ላይ ወድቋል፤ በቤት ገንዳ ማራባቱ ከባሕር የሚወሰደውን ለመቀነስ ይረዳል። ይህን ስነግራቸው ልጁ «ከአፋር የሚመጣውን አሞሌ ውኃ ውስጥ ብንጨምርለት እዚህም አያድግም?» ሲል ጠየቀኝ። አያድግም። የባሕር ውኃ ከጨው ሌላ እንደ ማግኒዚየምና ካልሲየም ያሉ ማዕድናትን በልክ ስለያዘ፣ ለዚሁ ሲባል የተዘጋጀ የጨው ድብልቅ ይፈልጋል።

ይህን ስንጫወት ቡናውን የምታፈላልን የአደይ ልጅ የ5 ወር ሕፃኗን አዝላ ነበር። ረከቦቱን፣ ምድጃውን፣ ሕፃኑን በአንድ ጊዜ ታስተናግዳለች። ሰዓቱ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። «ቁርስ በልተሻል?» ብላት ፈገግ ብላ «ሥራው መቼ ፋታ ሰጠኝ ብለሽ ነው» አለችኝ። ለዓሣይቱ ሳምንት ሙሉ የተጨነቀው ቤት እርሷ ጦሟን መዋሏን አላየም።

እህቶቼ፣ ዓሣይቱ ብትጾም ተፈጥሮዋ ነው፤ ከ2 ሳምንት በኋላም ወደ ምግቧ ትመለሳለች። የእኛ ግን ልማድ እንጂ ተፈጥሮ አይደለም። የጤና ባለሙያዎች ነፍሰ ጡር ከወትሮው በቀን 1፣ የምታጠባ እናት ደግሞ 2 ማዕድ ጨምራ እንድትበላ ይመክራሉ። «ልጆቹ ይጥገቡ፣ እኔ የተረፈውን እቀምሳለሁ» የምትል እናት ራሷን ትጎዳለች። ማዕዱ ሲቀርብ አብራችሁ ቅረቡ። አባትም እናቲቱ እስክትበላ ሕፃኑን ይያዝ፤ አንድ ወር በአፍህ ያዝ ያለው የለም።

አደይ ነገሩ ገብቷቸው ሕፃኑን ከልጃቸው ጀርባ አውርደው ለአባቱ ሰጡት። እንጀራም ቀረበ። ሁለተኛውን ቡና የጠጣነው እርሷ በልታ ከጨረሰች በኋላ ነው።