ድምፅ በቁና አይሰፈርም



በዚህ መጽሔት በየዓመቱ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ይጻፋል። እኔ ግን ዘንድሮ ስለ ሠራሁት አንድ ስሕተትና ከስሕተቱ የተነሣ አንብቤ ስለ ተረዳሁት ነገር ጥቂት አሳብ ለመግለጥ ፈለግሁ። ነገሩ ስለ ምርጫ ነው፤ ይልቁንም በቍጥር አነስተኛ የሆኑ ሙስሊሞች በሚኖሩበት አገር ድምፃቸውን እንዴት እንደሚሰጡ ነው።

በዓመቱ መጀመሪያ በክፍላችን የክፍል አለቃ ምርጫ ተደረገ። እኛ 52 ተማሪዎች ስንሆን ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበሩ። እኔም ከሁለቱ ለአንደኛው ረዳት ስለ ነበርሁ፣ ደብተሬን ይዤ ማን ለማን እንደሚሰጥ እየዞርሁ እጠይቅ ነበር። የጠየቅኋቸውን ሁሉ በየስማቸው ጻፍሁ። ዘጠኙን ሙስሊም ተማሪዎች ግን ሳልጠይቅ በአንድ መስመር «ሙስሊሞች 9፣ የእኛ» ብዬ ደመርኋቸው። ምክንያቴም ወዳጄ የዓርብ የምሳ ሰዓት ለጸሎት እንዲበቃ ይራዘም ብሎ ለመጠየቅ ቃል መግባቱ ነበር። ድምፁ ሲቈጠር በ4 ድምፅ ተሸነፍን። እኔም ተናድጄ አጠገቤ የሚቀመጠውን ሙስሊም ጓደኛዬን «ለምን ከዳኸን?» አልሁት።

እርሱም ሳይቈጣ እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «የዓርቡን ነገር ሁለቱም ቃል ገብተዋል። እኔ ያንኛውን የመረጥሁት አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለሦስት መያዛችንን ለአስተማሪዎች አመለክታለሁ ስላለ ነው። ሌሎቹን አንድ በአንድ ጠየቅህ፤ እኛን ግን ሳትጠይቅ ቈጠርኸን። ዘጠኝ ሰዎች ነን እኮ፤ አንድ ሰው አይደለንም።»

ይህን ስሰማ አፈርሁ። ከዚያም ወዲህ ወደ ቤተ መጻሕፍት እየሄድሁ ስለ ጕዳዩ ሳነብ፣ በእኔ ደብተር ላይ የነበረው ስሕተት በትልልቆቹ የፖለቲካ ሰዎችም ደብተር ላይ እንዳለ ተረዳሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሕንድን እንመልከት። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በሕንድ 172 ሚሊዮን ያህል ሙስሊሞች ነበሩ። ይህ ቍጥር እጅግ ብዙ ቢመስልም ከአገሩ ሕዝብ ከመቶው 14 ያህል ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን በ1909 በወጣው ሕግ ለሙስሊሞች የተለየ መቀመጫ ተሰጥቶ፣ ለዚያ መቀመጫ የሚመርጡት ሙስሊሞች ብቻ እንዲሆኑ ተደርጎ ነበር። አገሩ በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ተብሎ ከተከፈለ በኋላ፣ በ1950 ሥራ ላይ የዋለው የሕንድ ሕገ መንግሥት ይህን ልዩነት አስቀረው። ከዚያ ወዲህ ሂንዱውም፣ ሙስሊሙም፣ ሲኩም፣ ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ተመዝግቦ ድምፁን በአንድ ሣጥን ይከታል።

ሕጉ ሣጥኑን አንድ ቢያደርገውም የብዙ ፖለቲከኞች አሳብ ግን ከአሮጌው አጥር አልወጣም። በሕንድ «የድምፅ ባንክ» የሚባል አነጋገር አለ፤ ይኸውም ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ሄዶ እንደሚያወጣው ገንዘብ አስቀድሞ የተቀመጠ ድምፅ ማለት ነው። ይህ ስም አዘውትሮ ከሚሰጣቸው ወገኖች አንደኞቹ ሙስሊሞች ናቸው።

እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በደቡብ በኬረላ ብዙ ሙስሊሞች ከኮንግረስ ፓርቲ ጋር የተባበረውን የሙስሊም ሊግ ፓርቲ ይመርጣሉ። በምዕራብ ቤንጋል ግን ብዙዎቹ ከ1977 እስከ 2011 የገዛውን የኮሙኒስቶችን ግንባር ሲመርጡ ኖረው፣ በኋላ ወደ ትሪናሙል ኮንግረስ ዞሩ። በኡታር ፕራዴሽ ደግሞ የብዙዎቹ ድምፅ የኮንግረስ ነበር። በታኅሣሥ 6 ቀን 1992 በአዮድያ የነበረው የባብሪ መስጊድ በሂንዱ ብሔርተኞች ጭፍራ በፈረሰ ጊዜ ማዕከላዊውን መንግሥት የያዘው ኮንግረስ ነበርና፣ «ሊያድነን አልቻለም» ብለው ብዙዎቹ በዚያው ዓመት ወደ ተመሠረተው ወደ ሳማጅዋዲ ፓርቲ ሄዱ። እንግዲህ ሃይማኖታቸው አንድ ሲሆን ምርጫቸው እንደየክፍለ ሀገራቸው ይለያያል ማለት ነው።

እርግጥ ነው፤ አብዛኞቹን የሚያስማማ አንድ ነገር አለ። የሂንዱ ብሔርተኝነትን ለሚያራምደው ለባራቲያ ጃናታ ፓርቲ ድምፃቸውን የሚሰጡ ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ይህ የሆነው ከመስጊድ ትእዛዝ ስለ ወጣ አይመስለኝም። ሁከት በተነሣ ቍጥር ቤቴ ይቃጠል ይሆን ብሎ የሚሰጋ ሰው፣ ከመንገዱና ከውኃው በፊት ስለ ነፍሱ ቢያስብ ምን ያስደንቃል? ከሥጋት የመጣውን መተባበር እንደ በግ መንጋ መነዳት አድርጎ መቍጠር ትልቅ በደል ነው።

በሥጋት ጊዜ እንኳ ድምፃቸው በአንድ ጆንያ አይገባም። ለዚህም በኡታር ፕራዴሽ የምትገኘው የራምፑር የምርጫ ክልል ምስክር ናት። በ1952 ከዚህች ክልል የተመረጡት የነጻይቱ ሕንድ የመጀመሪያው የትምህርት ሚኒስትር ማውላና አቡል ከላም አዛድ ነበሩ። በራምፑር ከነዋሪው እኩሌታው ያህል ሙስሊም ነው። በ2014 በተደረገው ምርጫ ሦስት ታላላቅ ፓርቲዎች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ሙስሊም ተወዳዳሪ አቀረቡ። የመራጮቹም ድምፅ በሦስቱ መካከል ስለ ተከፋፈለ የባራቲያ ጃናታ ፓርቲ ተወዳዳሪ በ23 ሺህ ያህል ድምፅ በልጦ አሸነፈ። በዚያው ዓመት በኡታር ፕራዴሽ ካሉት 80 የፓርላማ መቀመጫዎች አንዱን እንኳ ያገኘ ሙስሊም አልነበረም፤ ከክፍለ ሀገሩ ሕዝብ ግን ከመቶው 19 ያህሉ ሙስሊም ነው። በ2024 ምርጫም በሕንድ የታችኛው ምክር ቤት ከሚገኙት 543 መቀመጫዎች ሙስሊሞች ያገኙት 24 ብቻ ነው። እንደ ሕዝባቸው ቍጥር ቢሆን ኖሮ ወደ 77 ይጠጋ ነበር።

«የድምፅ ባንክ» ተብሎ መቈጠርስ ምን ጥቅም አስገኘላቸው? በ2006 የቀረበው የሳቻር ኮሚቴ ዘገባ ይህን ይመልሳል። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 14 ዓመት ከሆነው የሙስሊም ልጆች ከመቶው 25ቱ ወይ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም ወይም ትምህርታቸውን አቋርጠዋል ይላል። በአገሩ ከፍተኛ የአስተዳደር አገልግሎት ውስጥም ሙስሊሞች ከመቶው 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ያለ ጥርጥር የእኔ ናቸው የሚላቸው ፓርቲ ትምህርት ቤት ሊሠራላቸው አይቸኩልም፤ በጭራሽ የእኔ አይሆኑም የሚላቸውም እንዲሁ አይቸኩልም። በጆንያ መቈጠር ጕዳቱ በሁለት በኩል ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ምናልባት ይህ የሕንድ ነገር ብቻ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እንግዲያስ ከዚያ በጣም ወደ ራቀችው፣ ሙስሊሞች ከሕንድም እጅግ ያነሱ ወደ ሆኑባት ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ2000 ታላላቅ የሙስሊም ማኅበራት የሪፐብሊካኑን ጆርጅ ቡሽን ደገፉ፤ ምክንያቱም ተከሳሹ በማያየው ምስጢራዊ ማስረጃ ሰውን ማሰርን በምርጫ ክርክር ላይ ነቅፈው ነበር። ከ2001 አደጋ በኋላ ግን ሙስሊሙ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ጀመር፤ በ2003ም የኢራቅ ጦርነት ተነሣ። በ2004 ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ዲሞክራቶች አዞሩ።

በሚሺጋን ዲርቦርን የምትባል ከተማ አለች። ከነዋሪዎቿ ከግማሽ የሚበልጡት የዐረብ ዘር ያላቸው ሲሆኑ ከእነዚሁም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። በ2020 ከከተማይቱ መራጮች ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ የሚበልጠው ጆ ባይደንን መረጠ። በ2024 ግን ስለ ጋዛ ጦርነት ከማዘናቸው የተነሣ በከተማይቱ ዶናልድ ትራምፕ ከመቶው 42፣ ካማላ ሃሪስ 36፣ ጂል ስታይን 18 ያህል አገኙ። በአራት ዓመት ውስጥ የአንዲት ከተማ ድምፅ በሦስት ተከፈለ! እነዚህ ሰዎች ልክ ሆኑ ወይም ተሳሳቱ ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። የማስተውለው፣ ሲያዝኑም ሲናደዱም እያንዳንዱ ለብቻው እንዳሰበ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን አሳቤን ስነግራቸው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማህምን? ጥቂቶች ካልተባበሩ ማን ይሰማቸዋል?» ይሉኛል። መልካም ጥያቄ ነው፤ የራምፑርም ታሪክ ለእነርሱ የሚያግዝ ይመስላል። እኔም መተባበርን አልቃወምም። ነገር ግን ድርና ጆንያ የተለያዩ ናቸው። ተመካክረው በፈቃዳቸው የሚያብሩ ሰዎች ነገ በፈቃዳቸው ሊለያዩ ይችላሉ፤ ጆንያውን ግን የሚቋጥረው ሌላ ሰው ነው፣ የሚሸጠውም እርሱ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ እኛም ነገ በአገራችን ምርጫ ድምፅ የምንሰጥ፣ አንዳንዶቻችንም የሰው ድምፅ የምንለምን ስለ ሆንን፣ ከአሁኑ አንድ ልማድ እንልመድ። ስለ ማንም ሰው «የእነ እገሌ ወገን ስለ ሆነ እንዲህ ይመርጣል» ከማለታችን በፊት ሄደን እንጠይቀው። ሒሳብ መጽሐፍ ይሻ ይሆናል፤ ሥራ ይሻ ይሆናል፤ በሰላም ማደርን ብቻ ይሻ ይሆናል።

እኔ ያን ደብተር እስከ ዛሬ አልጣልሁትም። «ሙስሊሞች 9» የሚለውን መስመር ሰርዤ፣ በሥሩ የዘጠኙን ጓደኞቼን ስም አንድ በአንድ ጽፌበታለሁ። በሚመጣው ዓመት ምርጫ ሲደረግ ከእያንዳንዳቸው ዘንድ ሄጄ እጠይቃለሁ።