ወልቂጤን ፈልጎ የሚመጣ አንባቢ ምን ያገኛል?

መስቀል ሲቃረብ ወደ ጉራጌ ከተሞች፣ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚጓዘው ሕዝብ ሲጨምር ጥያቄውም አብሮ ይበዛል። ታሪፉ ስንት ሆነ? መንገዱ እንዴት ነው? በዓሉን ማየት የሚፈልግ እንግዳ በየትኛው ቀን ቢሄድ ይሻለዋል? አልጋ አስቀድሞ መያዝ አለበት? ይህን በአማርኛ ጎግል ላይ ጽፎ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው የአምና የካቻምና የበዓል ዜና ነው። መልሱን የሚያውቁት ሰዎች ግን ሞልተዋል። የመናኸሪያ ተራ አስከባሪው ያውቀዋል፣ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያው ያውቀዋል፣ የሆቴሉ ባለቤትም ያውቀዋል። ስለ ጉራጌ በኢንተርኔት የሚጽፉ ወጣቶችና መምህራን በበኩላቸው የሚያነባቸው እንደሌለ ያማርራሉ። በአንድ በኩል መልስ ያጣ ጠያቂ፣ በሌላ በኩል አንባቢ ያጣ ጸሐፊ መኖሩ ሊያሳስበን ይገባል። እንደ እኔ እምነት ሁለቱን ለማገናኘት የማስታወቂያ በጀት አያስፈልግም። ሰው የሚጠይቀውን ነገር ለይቶ፣ ተፈልጎ ሊገኝ በሚችል መልኩ መጻፍ ይበቃል።

የተለመደውን አሠራር ቀረብ ብለን እንየው። ታሪፍ ሲወጣ፣ ጨረታ ሲታወጅ፣ የበዓል መርሐ ግብር ሲዘጋጅ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በስልክ ፎቶ ይነሳና ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ወረቀቱ ተንጋዶ ተነስቷል፤ ጥጉ ላይ የጣት ጥላ አርፎበታል፤ ከሥሩ የተጻፈው ነገር ቢኖር «ሼር ይደረግ» የሚል ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ቻናሉን የከፈተ ሰው ያየዋል። ከሳምንት በኋላ ግን በሌሎች መልእክቶች ክምር ሥር ተቀብሮ ይቀራል። በፎቶ ውስጥ ያለን የአማርኛ ፊደል የፍለጋ ማሽኑ አንብቦ ለጠያቂው ያወጣዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። መፍትሔው የሚጠይቀው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ የደብዳቤውን ፍሬ ነገር ከፎቶው ሥር በጽሑፍ መገልበጥ፣ ከዚያም ማንም ያለ መግቢያ ቃል ሊከፍተው በሚችል ገጽ ላይ ማስቀመጥ። ቴሌግራሙም አይቀር፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ከገጹ አድራሻ ጋር አድርጎ መላክ ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ ትልቁ ጉዳይ ርዕስ ነው። «ሰበር መረጃ» የሚል ርዕስ ስለ ምን እንደሆነ ለሰውም ለማሽንም አይናገርም። «ከአዲስ አበባ ወልቂጤ የመስቀል ሰሞን የትራንስፖርት ታሪፍ» የሚል ርዕስ ከነዓመተ ምሕረቱ ቢቀመጥ ግን ጠያቂው ራሱ ከሚጽፈው ቃል ጋር ይገጥማል። የአጻጻፍ ልዩነትም ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ «ወልቂጤ» ይላል፣ ሌላው «ወልቅጤ»፤ አንዱ «ሥራ» ብሎ ሲጽፍ ሌላው «ስራ» ይላል። በላቲን ፊደል የሚጽፉት ደግሞ የከተማዋን ስም በሦስትና በአራት ዓይነት መንገድ ይጽፉታል። ጸሐፊው የመረጠውን አጻጻፍ ይዞ፣ ሌሎቹን በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢጠቅሳቸው ከየአቅጣጫው ለሚመጣው ፈላጊ በር ከፈተ ማለት ነው። በጉራጊኛ መጻፍስ? እሰየው የሚያሰኝ ነው። ለጉራጊኛ ድምፆች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ዩኒኮድ 14 ውስጥ ገብተዋል። ፊደላቱን በትክክል የማያሳይ ስልክ በአንባቢው እጅ ሊኖር ስለሚችል ግን፣ ለጊዜው ከጎኑ የአማርኛ ጽሑፍ ማኖር ግድ ይላል።

ባዶ የተተወ ቦታ ባዶውን አይቀርም፤ ሌላ ሰው ይሞላዋል። ለዚህ ከአንትሮሽት የተሻለ ማስረጃ አላገኝም። አንትሮሽት የሰባት ቤት ጉራጌ የእናቶች በዓል ነው። የእናቶች ቀንን በየአገሩ የሚዘረዝሩ የእንግሊዝኛ ድረ ገጾች ግን የመላው ኢትዮጵያ በዓል አድርገው ያቀርቡታል፤ ሴት ልጆች ይህን፣ ወንዶች ያን ይዘው ይመጣሉ የሚለውን ዝርዝር አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ ያስተጋባዋል፤ የጉራጌን ስም የማያነሱት ብዙ ናቸው። ገጾቹ አንባቢ ያገኙት ከባለቤቱ የበለጠ ስለሚያውቁ ሊሆን አይችልም። «የኢትዮጵያ የእናቶች ቀን ምንድነው?» ለሚለው ጥያቄ ግልጽ ርዕስ ያለው መልስ ቀድመው ስላስቀመጡ ነው። ከሰባት ቤት ከእኖር ወይም ከቸሃ የሆነ አንድ መምህር እናቱን ጠይቆ፣ በዓሉ መቼና እንዴት እንደሚከበር፣ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚባል በሁለት ገጽ ቢጽፍ የዚያ ሁሉ ድረ ገጽ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ዊኪፔዲያም በሩ ክፍት ነው። የአማርኛው ክፍል 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ብቻ ሲኖሩት እንግሊዝኛው ወደ 7 ሚሊዮን ይደርሳል። በዚህ ስስ መደብ ላይ የሚጨመር አንድ ጥሩ ጽሑፍ ጎልቶ ይታያል።

የቡታጅራ ታሪክ ደግሞ በጎውን ገጽታ ያሳያል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 በቡታጅራና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የጤና ጥናት ጀመሩ። ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየመዘገቡ ለዓመታት ቀጠሉ፤ በዚያ መሠረት ላይ የአእምሮ ጤና ጥናቶችም ተሠሩ። ዛሬ ቡታጅራን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ የውጭ አገር ሐኪም ስሟን ያውቃል። ጥናቱ የውጭ ገንዘብ ነበረው፣ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። ምዝገባው ገንዘብ ፈጅቷል፤ እውነት ነው። ስሟ እንዲህ የተሰራጨው ግን በነጻ በሚገኙ ልማዶች ነው። የቦታው ስም በየጽሑፉ ርዕስ ላይ ሰፈረ፤ ሥራው ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ አንዱ ጸሐፊ የሌላውን ጠቀሰ። የእኛ ጸሐፊዎች በጣም የሚጎድላቸው ይህ መጠቃቀስ ነው። ስለ ጀፎረ (ሰፊው ባህላዊ የመንደር መንገድ) የጻፈው፣ ስለ እንሰት የጻፈው፣ ስለ ቲያ ትክል ድንጋዮች የጻፈው አንዳቸው ወደ ሌላው ገጽ አያመለክቱም። ቲያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የሚገኘውም ከአዲስ አበባ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስለ ቲያ ሊያነብ የመጣ ሰው ከዚያው ገጽ ሥር ስለ ቡታጅራ ምሳ ቤቶችና ስለ ሶዶና መስቃን የአዳብና ባህላዊ ጨዋታ የሚመራው አንድ መስመር ቢያገኝ አንባቢነቱ ወደ እንግድነት ሊለወጥ ይችላል።

ሕዝቡ ያለው ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ስለሆነ ጊዜያችንን እዚያው እናጥፋ የሚል ክርክር ይሰነዘራል። ብዛቱን አልክድም። ነገር ግን ዞኖችን አጣምሮ ክልል የመመሥረት፣ ማለትም የክላስተር አደረጃጀት ክርክር በጦፈበት በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ስለ ወልቂጤ የተለቀቀውን የጽሑፍና የቪዲዮ ጎርፍ እናስታውስ። ተመልካች ነበረው፤ ቁጣውም ነበረው። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በጉዳዩ ላይ በነሐሴ 2014 የደረሰበትን ውሳኔና ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማንበብ የሚፈልግ ተማሪ ዛሬ ከዚያ ጎርፍ ውስጥ ምን ያህሉን ለቅሞ ይጠቀምበታል? በስድብና በጩኸት የመጣ ተመልካች ጩኸቱ ሲያበቃ ይሄዳል፤ ከተማዋንም አስፈሪ ስም አሸክሟት ይሄዳል። ሌላው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፦ ሰው አሁን የሚጠይቀው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ስለሆነ ገጽ የሚከፍት አይኖርም ይባላል። የከፋቾች ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። ያም ቢሆን ማሽኑ የሚመልሰው የተጻፈውን አንብቦ ነው። ስለ አንትሮሽት የሚያነበው የተዛባውን የእንግሊዝኛ ዝርዝር ብቻ ከሆነ የእኛኑ ልጆች ያንኑ ያስተምራቸዋል። ስለዚህ ይህ ተቃውሞ ጠርቶ መጻፍን ይበልጥ አስቸኳይ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም።

ለነጋዴው ነገሩ ከዚህም ያጥራል። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብዙ ተጓዥ አልፏት ይሄዳል። ክትፎ ቤቱን በጎግል ካርታ ላይ ማስመዝገብ በነጻ ነው። ስሙን በአማርኛና በላቲን ፊደል፣ የሥራ ሰዓቱን፣ በጾም ቀን ምን እንደሚያቀርብ፣ ስልኩን፣ የምግቡን እውነተኛ ፎቶ መሙላት በቂ ነው። የተዘጋ ቤት ክፍት ነው ብሎ ማስቀመጥ ግን ካለማስመዝገብ ይብሳል።

ጉራጌ በራሱ መዋጮ መንገድ የመክፈት ልምድ አለው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ ተወላጆች ገንዘብ አሰባስበው በመንገድ ሥራ ማኅበራቸው አማካይነት አገራቸውን ከዋናው መንገድ ጋር ለማገናኘት ሠርተዋል። አሁን የሚያስፈልገው መዋጮ የእውቀት ነው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ላይ ተማሪዎቹን በየዓመቱ ያስመርቃል፤ የመመረቂያ ጽሑፎቻቸው ውስጥ ስለ አካባቢው ብዙ የተለፋበት መረጃ አለ። እያንዳንዱ ተመራቂ የጥናቱን ፍሬ በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፎ በይፋ እንዲያስቀምጥ ቢደረግ ወጪው ከቁጥር አይገባም። የጉራጌ ዞኖች የባህልና ቱሪዝም መምሪያዎችም የመስቀሉን ጥያቄና መልስ ሐምሌ ላይ ጽፈው ነሐሴ ላይ ያውጡት፤ ሰው የሚፈልገው ከጉዞው በፊት ነውና። ገጹንም በየዓመቱ እዚያው አድራሻ ላይ ያድሱት። አንተም አንቺም ስለ ቀበሌያችሁ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ይኖራል። እሱን በግልጽ ርዕስ፣ ከነቀኑ ጽፋችሁ ለሁሉም ክፍት በሆነ ቦታ አስቀምጡልን።