እጅን ኪስ ከትቶ ስለ ሥርዓት ማውራት

በገዛ ፈቃድ ወጥቶ የመንገድ ቆሻሻ ማንሣት በተማሪው ዘንድ ሁለት ጠላት አለው። አንደኛው ይንቀዋል፤ ሁለተኛው ይራቀቅበታል። ይህች ጽሑፍ ለሁለቱም መልስ ናት። ወዳጅ መስሎ ለሚመጣው ለሦስተኛውም የምትለው አላት።

አንደኛው «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ባይ ነው። ዲግሪ ሊይዝ የመጣ ሰው እንዴት ፌስታል ይለቅማል? ቤተሰቦቼ ከአፋቸው ነጥቀው ያስተማሩኝ ጥራጊ እንዳፍስ ነው እንዴ? ይላል። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሸማኔውን፣ አንጥረኛውን፣ ቆዳ ፋቂውን ሲሰድብ የኖረው ያው የጥንቱ ንቀት ነው። ዐፄ ምኒልክ ሰውን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ንቀቱ ግን ፈተና አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ልብ በሉ፤ ይህ ወንድማችን የሚጠየፈው ቆሻሻውን አይደለም። ቆሻሻውንማ ራሱ ነው የሚጥለው! የማስቲካውን ወረቀት፣ የሲጋራውን ቁራጭ፣ የጠጣበትን ሃይላንድ ከታክሲ መስኮት የሚወረውር እሱ ነው። የሚጠየፈው የሚያነሣውን ሰው ነው። እኛ ተኝተን ሳለ አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና አስፋልት የምትጠርገውን እናት ነው የሚጠየፈው።

ሁለተኛው አንባቢ ነው። ክርክሩም እንዲህ ነው፦ «ይኼ ጥገና ነው። ጽዳት የከተማው አስተዳደር ግዴታ ነው። ለቆሻሻ ማንሻ ከውኃ ሂሳብ ጋር እየተደመረ ይከፈላል። በነጻ ካነሣንለት ግዴታውን ይረሳል፤ የሠራተኛውንም እንጀራ እንዘጋለን። ችግሩ የሥርዓት ስለ ሆነ መፍትሔውም የሥርዓት ነው።»

ይህን ክርክር ማጣጣል አይገባም፤ ግማሹ እውነት ነውና። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 መንገደኛውን «አትጣል» ሲል፣ የከተማ አስተዳደሮችንም በየመንገዱ ዳር በቂ ማጠራቀሚያ እንዲያኖሩ ያዝዝ ነበር። ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታልም እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ፌስታሉ ግን አዋጁን የሰማ አይመስልም። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጸደቀ። እንግዲህ ወረቀት ብቻውን መንገድ እንደማይጠርግ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ጥያቄው ግን ይኸውና፦ አስተዳደሩን የምንጠይቀው ምን ይዘን ነው? ጎንበስ ብሎ ያነሣ ሰው የሚያውቀውን ተቀምጦ የሚከራከር አያውቅም። ከየትኛው ታክሲ ተራ ምን እንደሚጣል፣ የትኛው ገንዳ ስንት ቀን ሞልቶ እንደሚቆይ፣ ክረምት ሲገባ የትኛው ቱቦ በላስቲክ ታፍኖ መንገዱን ወንዝ እንደሚያደርገው አይቶታል። ይህን በደብተር ጽፎ ወረዳ የሚሄድ ሰው «አጣርተን እንነግርሃለን» ተብሎ በቀላሉ አይሸኝም፤ አጣርቶ ነዋ የሄደው! ስለዚህ ማንሣትና መጠየቅ አይጣሉም። ያላነሣ ጠያቂ ወሬኛ ይሆናል፤ የማይጠይቅ አንሺ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የሰው ጥራጊ ሲያፍስ ይኖራል።

ደግሞስ ቆሻሻው ከዓይናችን ሲርቅ የጠፋ ይመስለናል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተከመረው ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ እዚያው ክምሩ ጥግ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። ከኛ ጥራጊ የዕለት ጉርሳቸውን የሚለቅሙም ነበሩባቸው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ እዚያው ተመርቋል፤ ደግ ነው። ግን ፌስታሏ መንገድ ላይ ብትቀር ቱቦ ትዘጋለች፤ ብትነሣም ሰው ደጃፍ ነው የምትወርደው። የማንሣት ቁም ነገሩ መንገድ ማሳመር ብቻ ሳይሆን፣ የምንጥለውን ቆጥረን እንድናውቀውና እንድንቀንሰው ነው።

ሦስተኛው ወዳጅ መሳዩ ነው። አዲስ ጓንት፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ፣ ባነር፣ ከዚያ ፎቶ። ግማሽ ሰዓት የተጠረገውን ይጠርግና ውኃ የጠጣበትን ሃይላንድ እዚያው ጥሎ ይሄዳል። ይህን «ዘመቻ» ይለዋል። ዘመቻ ሄዶ መመለስ ነው፤ ቆሻሻ ግን በየቀኑ ነው የሚዘምተው። የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያን ያህል ሕዝብ ከፈጀ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ወጥቶ ይታጠናል። ምክንያቱ የከበረ ነው። ዛሬ ግን አብሮ የሚነደው ላስቲክ ነው፤ የላስቲክ ጢስ ደግሞ መርዝ እንጂ ዕጣን አይደለም። አንድ ቀን አጥኖ ዓመቱን ሙሉ መጣል ያለፉትን ማክበር ነው ትላላችሁ?

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፦

1ኛ/ በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ይበቃል። ፎቶ አያስፈልግም።

2ኛ/ መጀመሪያ መንገዱን የምትጠርገዋን እናት እንጠይቅ። እሷ የማትደርስበትን ቦይና አጥር ሥር እኛ እንያዝ። እንጀራዋን መሻማት ሳይሆን ወገቧን ማሳረፍ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

3ኛ/ ሁለት ጆንያ እንያዝ። ሃይላንዱና ቆርቆሮው ለብቻ ይቀመጥና ለቆራሌው ወይም ለቅመው ለሚሸጡት ልጆች ይሰጥ፤ የነሱ ነው።

4ኛ/ ያነሣነው ሁሉ ይጻፍ። በሦስተኛው ወር ደብተሩን ይዘን ወረዳ እንሂድ። መልስ ካጣን ደብተሩን እዚሁ ገጽ ላይ እናትመዋለን።

የሚንቀው ይናቅ፤ የሚራቀቀውም ይራቀቅ። ግን ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እጅህን ከኪስህ አውጣ። ስለ ሥርዓት ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።