ዓሣ ደረሰኝ አይጠይቅም

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይኼ ጽሑፍ ረዘም ይላልና ታገሡኝ። ስለ ሪል ነው፤ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ። «መምህር፣ ሌላ ጉዳይ ጠፋ እንዴ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግን ጉዳዩ የብረት ቁራጭ ብቻ አይደለም። ወንዝ ዳር ማን ይቁም፣ ማን አይቁም የሚል ጉዳይ ነው።

እዚህ ቨርጂኒያና ዲሲ አካባቢ ፍላይ ፊሺንግ የሚጀምር የኛ ልጅ እየበዛ ነው። ደስ ይላል። ደስ የማይለው ጀማሪው «ምን ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ነው። 400 እና 500 ዶላር ያላወጣ አይምጣ፣ የ60 ዶላር ሪል የልጅ መጫወቻ ነው፣ ይዞ መታየትም ያሳፍራል ይባላል። ልጁ ሁለት ሥራ ይሠራል፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ በየወሩ ለእናቱ ይልካል። ይኼን ሲሰማ «ለካ የኛ ነገር አይደለም» ብሎ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። እኔ የምቃወመው ይኼን ነው። ነገሩ ሰው ማስቀየሙ ሳያንስ ስሕተትም ነው።

ለምን ስሕተት እንደሆነ ላስረዳ፤ የፊዚክስ አስተማሪ አይደለሁ! በተለመደው አጠማመድ የምትወረውሩት እርሳሱን ነው፤ እርሳሱ ክሩን ይዞት ይሄዳል። በፍላይ ግን መንጠቆው ላይ የታሰረችው የላባ ዝንብ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው። ክሩን የሚያስወነጭፈው ዘንጉ፣ ዘንጉን የሚያዘው ክንዳችሁ ነው። ሪሉ በውርወራው ውስጥ ምን ሥራ አለው? ምንም። ክር ይዞ ይቀመጣል። አብዛኛው የፍላይ ሪል አንዴ ስታዞሩት አንድ ዙር ይጠቀልላል፤ በቃ።

«ፍሬኑስ?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዓሣው ክር ይዞ ሲሮጥ የሚያከብድበት የሪሉ ፍሬን ነው፤ ዋጋ የሚቆለለውም በእሱ ስም ነው። ግን የት ነው የምታጠምዱት? እኛ የምንሄደው ሸናንዶዋ ተራራ ላይ ወዳሉት ትናንሽ ጅረቶች ነው። እዚያ የሚኖረው አገር በቀሉ ብሩክ ትራውት ነው፤ ከ25 ሳንቲሜትር የሚበልጥ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እንዲህ ያለውን ዓሣ ክሩን በእጃችሁ ሰብ ሰብ እያደረጋችሁ ነው የምታወጡት። ፍሬኑ ሳይነካ ቀኑ ይመሻል። ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር በ1929 በራፒዳን ወንዝ መነሻ ላይ የማረፊያ ካምፕ ያሠሩት ይኼንኑ ትራውት በፍላይ ለማጥመድ ነበር። በዚያ ዘመን የዛሬው ባለ 500 ዶላር ፍሬን የት ነበር?

ታሪኩንም እንይ። ኦሃዮ ውስጥ አክረን ከተማ ይሠራ የነበረው የፍሉገር ሜዳሊስት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የተራው አሜሪካዊ አጥማጅ ሪል ነበር። ቀላል አሠራር፣ መጠነኛ ዋጋ። አባት ለልጁ ያወረሰው፣ ዛሬም ድረስ ወንዝ ላይ የሚታይ ዕቃ ነው። እነዚያ ሁሉ ሰዎች አጥማጅ አልነበሩም ልንል ነው?

የራሴን ልንገራችሁ። የኔ ሪል 60 ዶላር አካባቢ የወጣበት ነው፤ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ቀለሙ ተፋፍቋል፣ የእጀታው ብሎን ሁለት ጊዜ ላልቶ አጥብቄዋለሁ። ሌላ ምንም። በሚያዝያ ፖቶማክ ላይ ሻድ ሽቅብ ሲወጣም ይዤው እሄዳለሁ። ሻድ ጉልበተኛ ነው፤ ወንዙም ይገፋል፤ እዚያ ፍሬን የግድ ያስፈልጋል። ርካሹ የዲስክ ፍሬን አሳፍሮኝ አያውቅም።

ሐቁን ላለመሸፈን፣ ዋጋ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ፍሎሪዳ ሄዳችሁ ጨው ውኃ ውስጥ ታርፖን የምትገጥሙ ከሆነ ሌላ ወሬ ነው። እዚያ ዓሣው ብዙ ሜትር ክር ይዞ ይፈረጥጣል፤ ጨውም ያልታሸገ ፍሬን ውስጥ ገብቶ ይበላዋል። ለእሱ ገንዘብ አውጡ። ግን የባሕሩን ሒሳብ ለተራራ ጅረት ጀማሪ ማስከፈል ምክር አይደለም።

«ርካሽ ዕቃ ሁለቴ ያስገዛል» የሚለውም እውነት አለው፤ ርካሽ ሁሉ አንድ አይደለምና። አንድ ወዳጄ የገዛው ሪል ከዘንጉ ጋር የሚታሰርበት እግር ፕላስቲክ ነበርና በመጀመሪያው ወር ተሰበረ። ስለዚህ ስትገዙ እግሩ ብረት መሆኑን እዩ። እንዝርቱን ይዛችሁ ወዘወዝ አድርጉት፤ የሚንገጫገጭ ከሆነ ተዉት። በእንዝርቱና በአቃፊው መካከል ቀጭኑ ክር የሚሾልክበት ክፍተት ካለ አትግዙ። ፍሬኑን አጥብቃችሁ ክሩን ሳቡ፤ ሳያዝ ሳይንገራገጭ እኩል ይምጣ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ያለው አያያዝ ነው፤ ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ? አሸዋ ላይ አትጣሉት፣ እጠቡት፣ አድርቁት።

የተረፈውን ገንዘብ ክር ላይ አውሉት። ጥሩ የፍላይ ክር ከ50 እስከ 100 ዶላር ያወጣል፤ ዓሣው ዘንድ የሚደርሰው እሱ ነውና አይቆጭም። ከዚያ ፈቃድ አውጡ፣ ነዳጅ ሙሉ፣ ወንዝ ላይ ዋሉ። አሥር ቀን የዋለ ባለ 60 ዶላር፣ ሣሎን የተሰቀለ ባለ 500 ዶላርን ያስከነዳል።

አገር ቤት ላላችሁም የምለው አለኝ። ባሌ ተራሮች ላይ፣ በወይብና በአካባቢው ወንዞች ትራውት አለ፤ በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ዘር ነው። ይኼ የዋጋ ወሬ እዚያ ደርሶ የዲንሾ ልጅ በደጁ ያለውን ወንዝ የቱሪስት ብቻ አድርጎ እንዲያየው አልፈልግም።

ውድ ሪል ያላችሁ፣ ይመቻችሁ፤ ሠርታችሁ ገዝታችኋል። ግን ጀማሪ ሲጠይቃችሁ መጀመሪያ «የት ልታጠምድ ነው?» በሉት እንጂ ኪሱን አትለኩት። ጀማሪዎች ደግሞ አትፈሩ፤ ዓሣ ደረሰኝ አይጠይቅም። ልትገዙት ያሰባችሁት ካለ ፎቶውን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ አብረን እናየዋለን።