ደመወዛችን የተሰረቀ ዕቃ ነው ወይ የሚደበቀው?



በከተማችን በመካነ ሰላም ባሉ አንዳንድ ሆቴሎች፣ ዳቦ ቤቶችና መደብሮች መጥፎ ልማድ ሥር እየሰደደ ነው። ከወግዲ፣ ከከላላና ከሳይንት ሥራ ፍለጋ የመጣ ልጅ ሲቀጠር «ደመወዝህን ለማንም እንዳትናገር፤ ብትናገር ትባረራለህ» ይባላል። እኛ የማኅበሩ አባላት ይህን አጥብቀን እንቃወማለን።

ለመሆኑ ምስጢሩ የሚጠቅመው ማንን ነው? ከፋዩ የሁሉንም ደመወዝ ያውቃል፤ የማያውቀው ተከፋዩ ብቻ ነው። አብራው የምታስተናግደው እኅቱ በእኩል ሥራ ያነሰ እንደሚከፈላት እሱ ካላወቀ፣ እሷም ካላወቀች፣ ማን ይጠይቅ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 14 በጾታ ምክንያት በክፍያ ማዳላትንና መብቱን የተጠቀመ ሠራተኛን መበቀልን ይከለክላል። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱትን ጥፋቶች በአንቀጽ 27 ሲዘረዝር «የገዛ ደመወዙን ለባልደረባው የነገረ» አላለም። በአንቀጽ 26 መሠረት ቅሬታ ማቅረብም ማባረሪያ አይሆንም። እንዲያውም አሠሪው የደመወዝ መዝገብ ይዞ፣ ጠቅላላውን፣ ተቀናሹንና የተጣራውን ክፍያ ሠራተኛው ሲጠይቅ ማሳየትና ማስረዳት አለበት። ዐሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ታዲያ አባላቱ ስለ ደመወዝ ሳይነጋገሩ በደመወዝ የሚደራደር ማኅበር አለ እንዴ?

«ነገሩ ሰው ያጣላል» የሚሉ አሉ። የሚያጣላው አድልዎው እንጂ ወሬው አይደለም! የመንግሥት መምህር ደመወዝ በእርከን ተጽፎ ይታወቃል፤ በዚህ ማን ከማን ተጣላ? የዕድራችንስ ሒሳብ በጉባኤ ፊት ይነበብ የለም ወይ? የቆየና ከባድ ሥራ የያዘ ቢበለጥለት አንጠላም፤ ምክንያቱ ይነገረን ነው የምንለው። በሌላው ዓለምም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ አብዛኞቹ የግል ድርጅት ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው እርስ በርስ ቢነጋገሩ ከለላ ይሰጣቸዋል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች!

በዕረፍት ሰዓታችሁ ስለ ደመወዛችሁ ተነጋገሩ። የተከፈላችሁበትን ቀንና መጠን ጻፉ። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ፤ ማንበብ የሚቸግረው የሚያምነውን ሰው ያስነብብ። ያለ አግባብ ተባርሮ ወደ ሥራው መመለስ የሚፈልግ በ3 ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠይቅ በ6 ወር ውስጥ ክሱን ያቅርብ፤ ቀኑ ካለፈ ይርጋ ያግደዋል።

እናንተም አሠሪዎች፣ በአንድ ዕድር አብረን የምንቀመጥ ሰዎች ነን። በትክክል የሚከፍል ሰው ሠራተኞቹ ቢያወሩ ምን ያስፈራዋል?

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል!

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር