ለጀመሩት ልጆች ማን ይፈርምላቸው?

ይድረስ በፑኝዶ ላላችሁ ወላጆች፣ መምህራንና የወጣት ቡድን ኃላፊዎች፣

ደብዳቤዬን በጠብ መጀመር አልፈልግም። ግን አዝኛለሁ፤ ሐዘኑ አልወጣልህ ስላለኝ ነው የምጽፈው። የእህቴ ልጅ በስልክ እንደነገረኝ፣ በስካውት ቡድናቸው በአመራር ብልጫ ላሳየ ወጣት ይሰጥ የነበረው ሽልማት ቀርቷል። መቼ ቀረ? አያውቅም። ለምን? «በቃ የለም ተባለ፣ አጎቴ» አለኝ። ማን እንዳለ ብጠይቀው ስም መጥራት አልቻለም።

«አሜሪካ ተቀምጦ ስለ ሽልማት ያወራል፣ እኛ ስለ ራሽን እንጨነቃለን» የምትሉ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው። መንገዱ በክረምት ጭቃ ሲቆረጥ የሚጉላላው እኔ አይደለሁም፤ እኔ የምጽፈው ሚኒሶታ የሞቀ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። ይህንንም አልረሳውም። ገንዘብ አልቆ ሽልማት ቢቀር አልቆጣም፤ ዕርዳታ በየቦታው እየተቆረጠ መሆኑን እዚህም እንሰማለን። የሚያንገበግበኝ ግን ጀምረው ለነበሩት ልጆች ማንም አለመንገሩ ነው።

ልጁ ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። በማስመሪያ አራት ቦታ ተከፍሏል፦ ቀን፣ የተሠራ ሥራ፣ የፈጀው ሰዓት፣ የኃላፊ ፊርማ። «ለትንንሾቹ ንባብ ማስጠናት፣ 2 ሰዓት።» «የትምህርት ቤቱን ቦይ መጥረግ፣ 3 ሰዓት።» «የውሃ ወረፋ ማስከበር፣ 2 ሰዓት።» መጀመሪያ ላይ ፊርማ በየመስመሩ አለ፤ እየቆየ ይሳሳል። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ሥራውም ሰዓቱም ተጽፎ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። ልጁ ሽልማቱ መቅረቱን ሳያውቅ ቦይ ይጠርግ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው አምስት ደቂቃ ወስዶ «ልጆች፣ ይህ ነገር ቆሟል» ቢላቸው ምን ይጎድልበት ነበር?

እኔ ያለሁበት አገር ሽልማት አይቀርም እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ስካውቶች እ.ኤ.አ. በ1998 ለወጣቶች ያቋቋሙት ቬንቸሪንግ የሚባል ዘርፍ አለ። «ሲልቨር» የሚሉት ሽልማት ነበራቸው፤ ወጣቱ ነሐሱንና ወርቁን አልፎ፣ በመሪነት ሠርቶ የሚደርስበት። በ2014 ፕሮግራሙን ሲቀይሩ ሰረዙት። ሲሰርዙት ግን ቀን ቆረጡለት፤ የጀመረ እስከ ዲሴምበር 31 ይጨርስ ተባለ፣ በምትኩም «ሰሚት» የሚባል ሽልማት መጣ። «ቫርሲቲ» የተባለው ሌላው ዘርፍ ደግሞ ከነ«ደናሊ» ሽልማቱ በ2017 መጨረሻ ተዘጋ። እሱም የታወቀ የመዝጊያ ቀን ነበረው።

ይህን የምለው የእነሱን ድርጅት ላወድስላችሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት የገባ ድርጅት ነው፤ ከ80,000 በላይ ሰዎች በልጅነታችን ጥቃት ተፈጽሞብናል ብለው አቤቱታ አቅርበውበታል። ልጅን ከጥቃት በመጠበቅ ከእነሱ የምንማረው የለም። ይህን ያህል ጉድ ያለበት ድርጅት ለአንድ ሽልማት የመዝጊያ ቀን ካበጀ፣ እኛን እንዴት ያቅተናል?

መቋረጥ ለአገራችን ስካውት አዲስ አይደለም። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለም ስካውት ድርጅት አባል ሆኖ ነበር፤ በደርግ ዘመን ቀረ፤ ዳግም አባል የሆነው በ2002 ነው። በመሐል ያደገው ትውልድ ስካውት ምን እንደሆነ ሳያውቅ ልጅ ወልዶ አሳደገ። ተቋርጦ የቆየን ነገር መልሶ ማቆም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ደግሞስ ስለ ወጣት አመራር ፑኝዶን የሚመክር ማነው? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከወላጆቻቸው የተለዩ ልጆች በሺዎች ሆነው ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው እናንተ ዘንድ ሲደርሱ፣ ታላላቆቹ ታናናሾቹን እየመሩ ነው የመጡት። ታላላቅ የተባሉትም ራሳቸው ልጆች ነበሩ። በስደተኞች ካምፑም በቡድን በቡድን ሆነው ያበስሉ፣ የታመመ ያስታምሙ ነበር። በ1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1991) የኢትዮጵያ መንግሥት ሲለወጥ እንደገና ሸሹ፤ የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩም ስንቱ ውሃ ውስጥ ቀረ። ከተረፉት ጥቂት የማይባሉት ዛሬ እዚህ አሜሪካ ይኖራሉ። «እነሱ ያለ ሽልማት መርተው የለም ወይ?» ብላችሁ ትከራከሩኝ ይሆናል። መርተዋል፤ ምርጫ አልነበራቸውም። እናትና አባታቸውን ጦርነት ነጥቋቸው ነበር። የዛሬዎቹ ልጆች ግን እናንተ አላችሁላቸው፤ የሚሠሩትን የሚያይ፣ አይቶም የሚፈርም ትልቅ ሰው በአጠገባቸው አለ። ቁጭቴም ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ሰው ሳይጠፋ ፊርማ መጥፋቱ።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ገንዘብ ከሌለ ሜዳሊያውም ዋንጫውም ይቅር፤ ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ይበቃል። የወረቀቱን ወጪ እኔና እዚህ ያሉ ጓደኞቼ እንሸፍናለን፤ እባካችሁ ይህን እንደ ትምክህት አትቁጠሩብኝ። ፊርማውን ግን ከዚህ ልንልክላችሁ አንችልም። የጀመሩትን ቁጠሯቸው፣ ደብተራቸውን ተቀበሏቸው፣ እስከዚህ ቀን ጨርሱ በሏቸው። ከዚያ በኋላ ሽልማቱ ቢዘጋ አንድ ቃል አልተነፍስም።

«ነገሩ አንተ እንደምትለው አይደለም» የምትሉ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ቁጣም ቢሆን አነባለሁ፣ እመልሳለሁም። ከእኔ በፊት ግን ልጆቹን ሰብስባችሁ አነጋግሯቸው፤ ክረምቱ ሳይገባ፣ መንገዱም ሳይቆረጥ።

አክባሪያችሁ፣ ከሚኒሶታ